ፖታሲየም ዳይክሮሜት ሲመዘን፦ ፊውም ሁዱ በተበላሸበት የአፈር ላቦራቶሪ ምን ማድረግ ይቻላል?

ጥያቄ — የአፈር ላብ ቴክኒሻን

ጤና ይስጥልኝ፣ የሙያ ባልደረቦቼ። በአንድ የአፈር ምርመራ ላቦራቶሪ ውስጥ በቴክኒሻንነት መሥራት ከጀመርሁ ስምንት ወር ሆኖኛል። የተመደብሁበት ሥራ በዎክሌይ-ብላክ ዘዴ የአፈርን ኦርጋኒክ ካርቦን መለካት ሲሆን፣ ለዚህም በየቀኑ ጠዋት ፖታሲየም ዳይክሮሜት የተባለውን ብርቱካናማ ኬሚካል መዝኜ አንድ ኖርማል የሆነ (በሊትር 49.04 ግራም ያለው) መፍትሔ አዘጋጃለሁ። በቀን ብላንኩንና (አፈር የሌለበትን ማነጻጸሪያ) ድግግሞሹን ጨምሮ ወደ ሃያ የሚጠጉ ፍላስኮች ስለምንሠራ የሚያስፈልገን 200 ሚሊ ሊትር ነው፤ ስለዚህ ዕለት ዕለት 9.808 ግራም እመዝናለሁ። ከእኔ በፊት የነበሩትም እንዲሁ ያደርጉ ስለነበር፣ መፍትሔው ትኩስ መሆን አለበት በሚል ልማዱ ቀጥሏል።

የምመዝነው ክፍት ጠረጴዛ ላይ ባለ ሚዛን ነው። ፊውም ሁዱ (መርዛማ ተንና ብናኝ ስቦ የሚያወጣው ሳጥን) ሞተሩ ከተቃጠለ ቆይቷል፤ አሁን የጠርሙስ ማስቀመጫ ሆኗል። የማደርገው በኮሮና ጊዜ የተረፈውን ሰማያዊ የአፍ መሸፈኛና አንድ ጓንት ነው። ያለን ዳይክሮሜት የቆየ በመሆኑ በጠርሙሱ ውስጥ ጠጥሯል፤ ስለዚህ በስፓቹላ እየፈለፈልሁ አወጣና በሙቀጫ አደቀዋለሁ።

እንድጽፍ ያነሳሳኝ ባለፈው ሳምንት ያየሁት ነገር ነው። ማለዳ ጠረጴዛውን በእርጥብ ነጭ ጨርቅ ስወለውል ጨርቁ ቢጫ ሆነ። ምንም ዱቄት አይታይም ነበር። ከዚያ የመሳቢያውን እጀታ፣ የመዝገቡን ሽፋን፣ የምንጽፍበትን እስክሪብቶ ሳይቀር ጠረግሁ፤ ሁሉም ቢጫ አወጡ። በቀኝ እጄ የጣት አንጓ ላይ ደግሞ ክብ፣ ጠርዙ ከፍ ያለ፣ ብዙም የማያም ትንሽ ቁስል ከወጣብኝ አምስት ሳምንት ሆኖታል፤ አልድን ብሏል። ጠዋት ጠዋት አፍንጫዬን ይቆጠቁጠኛል፣ አንዳንዴም ደም ቅርፊት ይወጣል።

ኃላፊያችን ክፉ ሰው አይደሉም። ነገር ግን «እኛም ሃያ ዓመት የሠራነው በዚሁ ነው» ይላሉ። ጋውኔን ቤት ወስጄ ነው የማጥበው፤ ቤት ውስጥ ደግሞ የሁለት ዓመት ልጅ አለኝ። ሁዱ እስኪጠገን ድረስ ይህን ዱቄት በምን መልኩ መያዝ እንዳለብኝ የምታውቁ ብትመክሩኝ ውለታችሁን አልረሳም።

መልስ 1 — የትንተና ኬሚስት

እህቴ፣ በመጀመሪያ ሙቀጫውን ያስቀምጡት። ከጻፉት ሁሉ በጣም ያስደነገጠኝ እሱ ነው። ፖታሲየም ዳይክሮሜት በጠርሙሱ ውስጥ እንደ ጠጠር ሆኖ ሲቀመጥ አየር ላይ የሚወጣው ጥቂት ነው፤ ተወቅጦ ሲደቅ ግን ዓይን የማያየው፣ ተንሳፍፎ የሚቆይ፣ ወደ ሳንባ የሚገባ ብናኝ ይሆናል። ደግሞም መውቀጡ አያስፈልግም። 100 ሚሊ ሊትር ውሃ በ20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ 12 ግራም ያህል ያሟሟል፤ የእርስዎ መፍትሔ ግን በ100 ሚሊ ሊትር ውስጥ 5 ግራም እንኳ አይሞላም። ስለዚህ ጓሉም ቢሆን ትንሽ ጊዜና ለብ ያለ ውሃ ከተሰጠው ይሟሟል።

የጉዳዩን ክብደት ለኃላፊዎ ለማስረዳት ይህን ስሌት ይጠቀሙ። በዳይክሮሜት ውስጥ ያለው ክሮሚየም ባለ ስድስት ቫለንስ፣ ማለትም መርዛማው ዓይነት፣ ነው፤ ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲም ባለ ስድስት ቫለንስ ክሮሚየም ውህዶችን በሰው ላይ ካንሰር እንደሚያመጡ በተረጋገጡት በምድብ 1 ውስጥ አስቀምጧቸዋል። የአሜሪካ የሥራ ደህንነት መሥሪያ ቤት በ2006 እ.ኤ.አ. ያወጣው ደንብ ለስምንት ሰዓት የሥራ ቀን የሚፈቅደው በአንድ ሜትር ኩብ አየር ውስጥ 5 ማይክሮግራም ብቻ ነው። ሠራተኛ በአንድ ቀን ሥራ ወደ 10 ሜትር ኩብ አየር ይተነፍሳል ብንል፣ ገደቡ ላይ የሚያደርሰው የዳይክሮሜት መጠን 140 ማይክሮግራም አካባቢ ይሆናል። የዚህ ክብደት ከሁለት ወይም ከሦስት ፍሬ የገበታ ጨው አይበልጥም። እስክሪብቶ ላይ ቢጫ ያስወጣው ብናኝ ሲታሰብ፣ ይህ መጠን ምን ያህል በቀላሉ እንደሚታለፍ ይታየዎታል።

ወደ መፍትሔው ስመጣ፣ ትልቁ ነገር ጠርሙሱ የሚከፈትበትን ጊዜ መቀነስ ነው። «ትኩስ መሆን አለበት» የሚለው ስህተት ነው። በየቀኑ ጥንካሬው የሚለዋወጠው በመጨረሻ የተረፈውን ዳይክሮሜት የምንለካበት የፌረስ (የብረት ጨው) መፍትሔ ነው፤ የዳይክሮሜት መፍትሔ በደንብ በተዘጋ የመስታወት ጠርሙስ ውስጥ ለወራት ሳይለወጥ ይቆያል፤ እንደ መነሻ ስታንዳርድ የተመረጠውም በዚሁ ጽናቱ ነው። ሁለት ሊትር ቢያዘጋጁ ለአሥር የሥራ ቀን ይበቃዎታል፤ አሥር ጊዜ ይመዝኑ የነበረውን አንድ ጊዜ ብቻ ይመዝናሉ ማለት ነው።

ከዚህም የተሻለ መንገድ አለ፤ እኔ ሁድ በሌለበት ቦታ ስሠራ ያዳነኝ እሱ ነው። ግዥ ክፍሉን የ500 ግራም ጠርሙስ ትተው ባለ 100 ግራም ጠርሙሶች እንዲገዙ ይጠይቁ። አዲሱን ጠርሙስ እንደ ታሸገ፣ ሳይከፍቱ ከነክዳኑ ይመዝኑት። ከዚያ ከሚዛኑ ርቀው፣ በእርጥብ የፕላስቲክ ትሪ ላይ አስቀምጠው፣ ክዳኑን ቀስ ብለው ከፍተው፣ ከውሃ መርጫው የተጣራ ውሃ በጠርሙሱ ግድግዳ በኩል እያንሸራተቱ ይጨምሩበት። በኃይል አይርጩ፤ በኃይል የገባ ውሃ አየሩን ገፍቶ ብናኙን ያወጣዋል። ዱቄቱ ውሃውን ጠጥቶ ጭቃ መሰል ሲሆን ብናኝ የመሆን ዕድሉ ያበቃል። እሱን በፈነል ወደ ሁለት ሊትር ቮልሜትሪክ ፍላስክ እያጠቡ ይገልብጡ፤ ጠርሙሱንም ክዳኑንም ውሃው ቢጫ ማውጣቱን እስኪተው ደጋግመው ያለቅልቁ። ባዶው ጠርሙስ ሲደርቅ ከነክዳኑ እንደገና ይመዝኑት። ልዩነቱ የገባው ዳይክሮሜት ነው።

ለምሳሌ ሙሉው 148.62 ግራም፣ ባዶው 48.21 ግራም ቢሆን የገባው 100.41 ግራም ነው። ለሁለት ሊትር አንድ ኖርማል የሚያስፈልገው 98.08 ስለሆነ፣ የመፍትሔዎ ጥንካሬ 1.024 ኖርማል ይሆናል። በጠርሙሱ ላይ ይህን ቁጥር ጽፈው በስሌቱ ውስጥ በ1.000 ፋንታ ያስገቡት። ልክ 98.08 ለማድረስ በስፓቹላ እየጨመሩና እየቀነሱ የሚባክነው ጊዜ ነው ብናኙን የሚያስነሳው፤ ትክክለኛነት ግን የሚገኘው ቁጥሩን በማስገደድ ሳይሆን ያለውን ቁጥር በትክክል በማወቅ ነው። በዚህ መንገድ ዱቄቱ ሚዛኑን አያየውም።

የቆየው ጠርሙስ እስኪያልቅ ድረስ ደግሞ፣ በውስጡ ጥቂት ውሃ ያለበትን ክዳን ያለው ዕቃ ሚዛኑ ላይ ዜሮ ያድርጉ፤ ወደ እርጥቡ ትሪ ወስደው ጓሉን ከውሃው ውስጥ ይጨምሩ፤ ዘግተው፣ ውጭውን በእርጥብ ጨርቅ ጠርገው፣ አድርቀው መልሰው ይመዝኑ። በዚያን ሰዓት ቬንትሌተር ይጥፋ፣ መስኮትና በር ይዘጋ፣ ሰው አይመላለስ።

ሰማያዊው መሸፈኛ ግን አይከላከልልዎትም፤ በጉንጭና በአፍንጫ በኩል ክፍተት አለው። ቢያንስ ኤን-95 ወይም ኤፍ.ኤፍ.ፒ-2 ያስፈልጋል፤ ኤፍ.ኤፍ.ፒ-3 ወይም ፒ-100 ማጣሪያ ያለው ቢገኝ ይመረጣል። ለወንዶቹ ባልደረቦችዎ ጢም ካለ መሸፈኛው ከፊት ጋር እንደማይገጥም ይንገሯቸው። ለጋዝ ተብሎ የተሠራ የከሰል ካርትሪጅ ብቻውን ብናኝ አያግድም። ጓንቱ ናይትራይል ይሁን፤ ሁለት ደርበው ያድርጉና ዱቄቱን እንደ ጨረሱ መዝገብም ሆነ እጀታ ሳይነኩ የላይኛውን ያውልቁ። እስክሪብቶው ቢጫ የሆነው በጓንት ስለተያዘ ነው።

መልስ 2 — የውስጥ ደዌ ሐኪም

የጠያቂዋን ጤና በተመለከተ ጥቂት ልበል። በበይነ መረብ ምርመራ ማድረግ አይቻልም፤ ነገር ግን ክብ፣ ጠርዙ ያበጠ፣ እምብዛም የማያም፣ ሳምንታት አልፈውት ያልዳነ የጣት ቁስል ከክሮሚየም ጋር የሚሠሩ ሰዎች ላይ ከጥንት ጀምሮ የታወቀ ነው። ዱቄቱ ትንሽ ጭረት ካገኘ እዚያ ገብቶ ሥጋውን ይበላዋል። የአፍንጫው መቆጥቆጥና የደም ቅርፊቱም ችላ የሚባል አይደለም፤ ባለ ስድስት ቫለንስ ክሮሚየም የአፍንጫን መሐል ግድግዳ ቀስ በቀስ አቁስሎ ሊበሳው ይችላል፤ በሽተኛው ሕመም ስለማይሰማው ብዙ ጊዜ የሚያውቀው ቀዳዳው ከተከፈተ በኋላ ነው። ስለዚህ በዚህ ሳምንት ውስጥ የአንገት በላይ ሐኪም አፍንጫዎን በመሣሪያ እንዲያይልዎት እመክራለሁ። ሲሄዱ «አፍንጫዬ ይደማል» ብለው ብቻ አይመለሱ፤ ፖታሲየም ዳይክሮሜት እንደሚመዝኑ፣ ለምን ያህል ጊዜ እንደ መዘኑ ጽፈው ይዘው ይሂዱ፤ የሥራ ታሪክ ካልተነገረው ሐኪም ጉንፋን ነው ብሎ ሊሸኝዎት ይችላል። ሳል ወይም የትንፋሽ ማጠር ካለም ይናገሩ፤ ይህ ኬሚካል አስምና የቆዳ አለርጂ ያስከትላል፤ አለርጂው አንዴ ከተነሣ ደግሞ በጣም ጥቂት መጠን እንኳ ይቀሰቅሰዋል። የኩላሊትና የጉበት ምርመራም ቢደረግ ጥሩ ነው።

ቁስሉ እስኪድን ድረስ ዱቄቱን አይንኩ። ይህን ከሐኪሙ በጽሑፍ ማግኘት ይችላሉ።

አደጋ ቢደርስ፦ ቆዳ ላይ ወይም ዓይን ውስጥ ከገባ ወዲያውኑ በሚፈስ ውሃ ቢያንስ ለ15 ደቂቃ ይታጠብ፤ የነካው ልብስ ይውለቅ። ዓይን ከሆነ እየታጠበ ሰው መኪና ይጥራ። ብናኙን የሳበ ሰው ንጹሕ አየር ወዳለበት ይውጣ፤ ደህና ነኝ ቢልም ሐኪም ይየው። ከተዋጠ ግን አፉን ተጉመጥምጦ፣ እንዲያስመልስ ሳይገፋፉ፣ የጠርሙሱን መለያ ወይም ፎቶውን ይዘው ወደ ድንገተኛ ክፍል ይሩጡ። ከግማሽ የሻይ ማንኪያ ያነሰው እንኳ ኩላሊትንና ጉበትን አጥፍቶ ሊገድል ይችላል። ላቦራቶሪው ውስጥ ቡና የሚጠጣ፣ ቆሎ የሚቆረጥም ካለ ዛሬውኑ ይቁም።

ጋውኑን ወደ ቤት አይውሰዱት። ልጅዎ የሚያቅፈው፣ ፊቱን የሚያሻሸው እሱኑ ነው። እዚያው ለብቻ እንዲታጠብ ይጠይቁ፤ እስከዚያው ግን እዚያው ነክረው ያለቅልቁት።

መልስ 3 — የላቦራቶሪ ክፍል ኃላፊ

ከላይ የተሰጡት ምክሮች የሚዛኑን ጉዳይ በሚገባ ሸፍነዋል። እኔ የምጨምረው ሁለት ነገር ነው፤ አንዱ ስለ አሲዱ፣ ሌላው ስለ ቆሻሻው።

ዱቄቱ ከተሟሟ በኋላ አደጋው አለቀ ማለት አይደለም። በዎክሌይ-ብላክ ዘዴ በ10 ሚሊ ሊትር ዳይክሮሜት ላይ 20 ሚሊ ሊትር የተከማቸ ሰልፈሪክ አሲድ ሲጨመር ፍላስኩ በጣም ይሞቃል፤ የሚወጣው ጭጋግም አሲድና ክሮሚየም ይይዛል። አፈሩ ጨዋማ ከሆነ፣ ለምሳሌ ከአዋሽ ሸለቆ የመስኖ እርሻዎች እንደሚመጡት አንዳንድ ናሙናዎች፣ ክሎራይዱ ከዳይክሮሜቱና ከአሲዱ ጋር ተዋሕዶ ክሮሚል ክሎራይድ የተባለ እጅግ መርዛማ ቀይ ቡናማ ተን ይፈጥራል። ይህ ተን ጤናን ከመጉዳቱም በላይ ውጤቱን ያዛባል፤ ለዚህ ነው ለጨዋማ አፈር አሲዱ ላይ ሲልቨር ሰልፌት እንዲጨመር የሚመከረው። ስለዚህ በእኔ እምነት የመመዘኑን ችግር ያለ ሁድ መፍታት ቢቻልም የአሲዱን ደረጃ ግን አይቻልም። ሁዱ መጠገን አለበት፤ እስኪጠገን ድረስ የናሙናውን ሥራ ማቆም ወይም ለኦርጋኒክ ይዘት ግምት በቂ በሆነበት ቦታ አፈሩን በእቶን አቃጥሎ የክብደት መቀነሱን በመለካት መተካት ይገባል። ኃላፊ ሆኜ የምናገረው ነውና፣ ይህን ለአለቃ በቃል ሳይሆን በደብዳቤ ያቅርቡ። ደብዳቤው የጥገና በጀት ለሚጠይቀው ለራሱ ለአለቃውም ያግዘዋል።

ቆሻሻውን በተመለከተ፣ ብዙ ሰው የማያስተውለው መልካም ነገር አለ። ታይትሬሽኑ፣ ማለትም ፌረሱን ጠብ እያደረጉ መለካቱ፣ ሲያልቅ ፍላስኩ አረንጓዴ ይሆናል፤ ያ አረንጓዴ ማለት ፌረሱ ባለ ስድስት ቫለንሱን ክሮሚየም ወደ ባለ ሦስት ቫለንስ ለውጦታል ማለት ነው። ባለ ሦስት ቫለንሱ መርዛማነቱ በእጅጉ ያነሰ ነው፤ የሞጆ ቆዳ ፋብሪካዎች ቆዳ የሚያለፉበትም ይኸው ዓይነት ክሮሚየም ነው። ይሁንና ፍላስኩ ውስጥ ብዙ አሲድ ስላለ ወደ ፍሳሽ አይደፋም። በፕላስቲክ ጀሪካን ሰብስበን፣ ቆሻሻውን ወደ ብዙ ውሃ ውስጥ በዝግታ እየጨመርን እናቀጥናለን፤ ከዚያም ሶዳ አሽ ወይም ኖራ በጥቂት በጥቂቱ እየጨመርን ፒ.ኤች.ውን ወደ 8 ወይም 9 እናደርሳለን። ይፈላል፣ ይሞቃልም፤ አይቸኩሉ። ክሮሚየሙና ብረቱ በአንድነት እንደ ዝቃጭ ይወርዳሉ። ዝቃጩ ተሰብስቦ፣ ስሙና ቀኑ ተጽፎበት በአደገኛ ቆሻሻነት ይቀመጣል፤ ይህ በአዋጅ ቁጥር 1090/2010 የሚገዛ ነው።

የተረፈ ብርቱካናማ መፍትሔ ካለ ግን ቀጥታ ኖራ አይጨምሩበት፤ ባለ ስድስት ቫለንሱ በኖራ አይዘቅጥም፣ ቢጫ ሆኖ ውሃው ውስጥ ይቀራል። መጀመሪያ በአሲዳማው የፌረስ መፍትሔያችሁ አረንጓዴ አድርጉት። ጠረጴዛችሁንም በዚሁ ማጽዳት ትችላላችሁ፦ ጨርቁን በፌረስ መፍትሔ አርጥባችሁ ጥረጉ፣ ቀጥሎ በውሃ፣ ጨርቁ ነጭ ሆኖ እስኪመለስ ድረስ። ዱቄት ሲደፋ በደረቁ አይጠረግም፤ በመጋዝ ዱቄት ወይም በደረቅ ወረቀት አይታፈስም፤ ዳይክሮሜት ኦክሲዳይዘር (ሌላው ነገር እንዲቃጠል የሚያግዝ) ስለሆነ ከሚቃጠል ነገር ጋር እሳት ሊያስነሣ ይችላል። በዚሁ ምክንያት ከአልኮልና ከአሴቶን ጋር በአንድ መደርደሪያ አይቀመጥ። በዳይክሮሜትና በሰልፈሪክ አሲድ ብርጭቆ የማጠብ የድሮ ልማድ ካላችሁም እርግፍ አድርጋችሁ ተዉት፤ ጥሩ የላቦራቶሪ ሳሙና ይበቃል።

ጠያቂዋ

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ስሌቱን በወረቀት ጽፌ ለኃላፊያችን አሳየኋቸው። የነከርሁትን ቢጫ ጨርቅም አብሬ ይዤ ነበር፤ ቁጥሩን ዝም ብለው ሲያነቡ ቆዩና ጨርቁን ሲያዩ «ይሄ ከየትኛው ጠረጴዛ ነው?» አሉኝ። ከእሳቸው ከራሳቸው ወንበር እጀታ ነበር። የሁዱን ጥገና የሚጠይቅ ደብዳቤ በዚያው ቀን ወጥቷል፤ የአሲዱ ሥራም ለጊዜው ቆሟል። ሐኪም ዘንድ ቀጠሮ ይዣለሁ።

አንድ ነገር ብቻ ልጨምር፦ እኔ ሥራውን ሳቆም የምትተካኝ ባልደረባዬ የአራት ወር ነፍሰ ጡር ናት። በዚህ በውሃ በሚደረገው መንገድ ብትሠራ ችግር አለው?

መልስ 1 — የትንተና ኬሚስት

ባልደረባዎ አትሥራው። ፖታሲየም ዳይክሮሜት የመራባት ችሎታንና በማህፀን ያለን ፅንስ ሊጎዳ እንደሚችል በደህንነት መረጃ ሰነዱ ላይ ተጽፏል፤ ሰነዱን ከአቅራቢው መጠየቅ መብታችሁ ነው። በውሃ የሚደረገው መንገድ ብናኙን በእጅጉ ይቀንሰዋል እንጂ ዜሮ አያደርገውም፤ ለነፍሰ ጡር ደግሞ በ«በእጅጉ ቀንሷል» መተማመን አይገባም። ጠረጴዛው ገና በፌረስ ካልተጠረገም ክፍሉ ውስጥ ባትቀመጥ ይመረጣል። የፒ.ኤችና የኮንዳክቲቪቲ መለኪያውን እሷ ትያዝ፤ የጠርሙሱን ሥራ ሌላ ሰው፣ ወይም ጤናቸው ከፈቀደ ሃያ ዓመት የሠሩት ኃላፊያችሁ፣ በትክክለኛው መሸፈኛ በሁለት ሳምንት አንድ ቀን ይሥሩት። ከመጀመሪያው ጠርሙስ በፊት ባዶ ጠርሙስ ላይ ገበታ ጨው አድርጋችሁ አንድ ጊዜ ተለማመዱበት፤ ውሃው ሲንሸራተት እጅ ምን ያህል መዘንበል እንዳለበት የሚታወቀው በዚያ ነው።